ሣጥኗ ከዳርትሙር ወደ ሰፈር ፓርክ እንዴት ወረደች

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ከሩቅ ልጀምር። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን ግዛት፣ ዳርትሙር የሚባል ደጋ አለ። ነፋሱ የማያርፍ፣ ጉሙ ድንገት ወርዶ መንገደኛን የሚያስት፣ እግር የሚውጥ ረግረግ የበዛበት ሰፊ ምድር ነው። በዚያ ምድር መሐል ክራንሜር የሚባል ኩሬ አለ። ኩሬ ይባል እንጂ ዛሬ ውኃ የለውም፤ ደርቆ የጥቁር አፈር ጎድጓዳ ሆኗል።

ለምን ደረቀ ብላችሁ የአገሩን ሰው ብትጠይቁ እንዲህ ሲል ይተርክላችኋል። ቤንጃሚን ጌየር የሚባል የኦክሃምፕተን ከተማ ከንቲባ ነበረ። ከሞተ በኋላ ነፍሱ አላርፍ ብላ ከተማውን አወከች። በመጨረሻ የማያልቅ ሥራ ተፈረደባት፤ የክራንሜርን ውኃ በወንፊት ቀድታ እንድትጨርስ። በወንፊት ውኃ ማን ይቀዳል? ጌየር ግን ከሜዳ ላይ የበግ ቆዳ አገኘ፤ ወንፊቱን ከውስጥ ለበጠበት፤ ኩሬውንም ሙጥጥ አድርጎ ቀዳው። ውኃው ቁልቁል ወርዶ ኦክሃምፕተንን አጥለቀለቃት ይላሉ።

ይህ ተረት ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ግን የሆነ ነገር ነው።

በ1854 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፔሮት የሚባል የቻግፎርድ ሰው፣ ሥራው እንግዶችን በዳርትሙር መምራት የሆነ፣ በዚያ ደረቅ ኩሬ ዳር አንድ ጠርሙስ አስቀመጠ። ረግረጉን አቋርጦ እስከዚያ የዘለቀ ሰው ስሙ የታተመበትን ካርድ ጠርሙሱ ውስጥ ይተዋል። ደርሻለሁ ለማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በ1888 ጠርሙሱ በቆርቆሮ ሣጥን ተተካ። ኋላ ደግሞ ሰዎች የራሳቸውን አድራሻ ጽፈው ፖስታ ካርድ መተው ጀመሩ፤ ቀጥሎ የመጣው እንግዳ፣ ማን ይሁን ማን፣ ካርዱን አንሥቶ ፖስታ ቤት ያስገባላቸዋል። ጨዋታው ሌተርቦክሲንግ (ከእንግሊዝኛው “ሌተርቦክስ”፣ የፖስታ ሣጥን) የተባለውም ከዚሁ ተነሥቶ ነው። የማያውቁት ሰው የማያውቁትን ሰው መልእክት ተሸክሞ ከዚያ ጭቃ ሲወጣ አስቡት! እኔ ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

በ1894 ሁለተኛ ሣጥን እዚያው ዳርትሙር ውስጥ፣ ቤልስቶን ቶር ላይ ተቀመጠ። በ1938 ደግሞ ስለ ዳርትሙር ብዙ ለጻፈው ለዊልያም ክሮሲንግ መታሰቢያ ዳክስ ፑል ላይ ሌላ ቆመ። በ1976 ቶም ጋንት የሚባል ሰው 15 ያህል ሣጥኖች የሚታዩበትን ካርታ አወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈነዳ፤ ሣጥኖቹ በሺህ ተቆጠሩ። በ1998 ስሚዝሶኒያን መጽሔት ስለ ዳርትሙር ሣጥን ፈላጊዎች ሲጽፍ አሜሪካኖች አነበቡና ሣጥን መደበቅ ጀመሩ። ያኔ ነው ጨዋታው ከረግረግ ወጥቶ ልጅ በጋሪ ወደሚገፋበት ፓርክ የወረደው።

ዛሬ የሚደበቀው ሣጥን ትንሽ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ፕላስቲክ ዕቃ ነው። ውስጡ ሁለት ነገር ይገኛል፤ አንድ ማኅተም፣ ብዙ ጊዜ ከላጲስ በእጅ የተቀረጸ፣ እና አንድ ትንሽ ደብተር። እናንተም የራሳችሁን ማኅተም፣ የማኅተም ቀለምና ደብተር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የሣጥኑን ማኅተም በእናንተ ደብተር፣ የእናንተን በሣጥኑ ደብተር ትመታላችሁ። ቦታው የሚገኘው ባለቤቱ በጻፈው ፍንጭ ነው። በአሜሪካ ፍንጮቹ እንደ አትላስ ኩዌስት ባሉ ድረ ገጾች ላይ በየከተማው ተዘርዝረው ይገኛሉ።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ቀን የትኛውን ሣጥን ትመርጣላችሁ? እኔ ሳላመነታ የምለው፣ የመጀመሪያው ፍለጋ በማግኘት ማለቅ አለበት። የለመደ ሰው ሣጥን ሲያጣ ተሰርቋል ወይስ እኔ ስቻለሁ ብሎ መለየት ይችላል። ጀማሪ ግን የተደበቀ ሣጥን ምን እንደሚመስል ገና አላየም፤ ሲያጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያውቅም። ልጅ ከያዘ ደግሞ ያ ልጅ ሁለተኛ እንሂድ ሲባል ጫማውን አያነሣም።

እንበልና ሁለት ፍንጭ ፊታችሁ ቀርቧል። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ “ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ካለው የካርታ ሰሌዳ ተነሡ። የእንጨቱን ድልድይ ተሻግራችሁ ትልቁ አለት ጋ ስትደርሱ ወደ ምሥራቅ 20 እርምጃ ሂዱ። ግንዱ መንታ የሆነ ዛፍ አለ፤ በስተጀርባው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር እዩ።” ሁለተኛው ደግሞ በእንቆቅልሽ የተጻፈ ነው፤ ፓርኩን ለማወቅ ራሱ ፊደል መፍታት ይጠይቃል፤ ከዚያም ከወደቀው ግንድ 200 እርምጃ ቁጠሩ ይላል።

የመጀመሪያውን ውሰዱ፤ ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም። ድልድይና አለት ከዓመት ዓመት አይነቃነቁም። የወደቀ ግንድ ግን ይበሰብሳል፣ የፓርኩ ሠራተኛም ቆርጦ ይወስደዋል። እርምጃውንም አስተውሉ። አንዱ ጸሐፊ ቀኝና ግራውን ለየብቻ ሲቆጥር ሌላው ሁለቱን አንድ ይላል። በ20 እርምጃ ብትሳሳቱ ዞር ዞር ብላችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ በ200 ብትሳሳቱ ግን ሌላ ጫካ ውስጥ ናችሁ። ፍንጩ በኮምፓስ አራቱን አቅጣጫ ብቻ ከጠየቀ ይበቃል፤ በዲግሪ የተጻፈውን ለሌላ ቀን ተዉት።

ፍንጩን ከወደዳችሁ በኋላ እዚያው ድረ ገጹ ላይ ሣጥኑ መጨረሻ የተገኘበትን ቀን እዩ። ባለፉት ጥቂት ወራት ያገኘው ሰው ካለ ሣጥኑ በቦታው የመኖሩ ተስፋ ትልቅ ነው። ዓመታት ካለፉትና የመጨረሻዎቹ ፈላጊዎች አጣነው ብለው ከሆነ፣ ፍንጩ የቱንም ያህል ቢያምር እለፉት። ሌላው፣ ለአንድ ሣጥን ብቻ ብላችሁ አትውጡ። ከአንድ ማይል በማይበልጥ፣ ዞሮ መነሻው ላይ በሚገጥም መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ሣጥን ያለበትን ፈልጉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ቀኑን ያድነዋል።

ዋሽንግተንና አካባቢው ላሉ ወገኖቼ አንድ ነገር ልጨምር። ሮክ ክሪክ ፓርክ ቅርባችን ነው፤ ሕዝባችን ያውቀዋል። ግን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ያለ ፈቃድ ዕቃ ትቶ መሄድ ክልክል ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ፍለጋ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የየካውንቲውና የየከተማውን ፓርኮች መመልከት ይሻላል፤ እነሱም የየራሳቸው ደንብ አላቸውና አስቀድሞ ማየት ነው። ጊዜው ቅጠል ከረገፈ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ። ያኔ የዛፉ ቅርጽ ከሩቅ ይለያል፣ ሲነኩት ቆዳ የሚያቃጥለው ባለ ሦስት ቅጠል ሐረግ፣ ፖይዘን አይቪም ቅጠሉ ይረግፋል። ግንዱ ግን ያኔም ያሳክካልና በዛፍ ላይ የተጠመጠመ ጸጉራም ሐረግ አትንኩ።

አሁን መንታው ዛፍ ጋ ደርሳችኋል እንበል። እጃችሁን ወዲያው አትስደዱ፤ መጀመሪያ በዓይናችሁ ፈልጉ። ተፈጥሮ ድንጋይን በድንጋይ ላይ አስተካክላ አትደረድርም፤ ጭራሮም በአንድ አቅጣጫ አታስተኛም። እንዲህ የተሰናዳ ነገር ካያችሁ ሰው ነክቶታል። ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ በእንጨት ነካ ነካ አድርጉ፤ እባብም ሸረሪትም ቤቱ ሊሆን ይችላል። መሬት መቆፈር አያስፈልግም፤ ደንበኛ ሣጥን አይቀበርም። ሰው እየመጣ ከሆነ እስኪያልፍ ጠብቁ። ሣጥኑን አንሥታችሁ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና እዚያ ማኅተሙን ምቱ፤ መደበቂያው ለአላፊ አግዳሚ እንዳይጋለጥ ነው። ማኅተሙን ለልጁ ስጡት። ቀለሙን ራሱ ያስነካ፣ ራሱ ይጫን፤ ቢዛነፍም ግድ የለም። ከዚያ ደብተሩን ገልጣችሁ ከእናንተ በፊት የመጡትን እዩ፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የአንድ ሰው ማኅተም፣ ቀንና ስም አለ። ስሙ ለጨዋታው የወጣ ነው፤ እናንተም ለቤተሰባችሁ አንድ አውጡ።

ሲጨርሱ ማኅተሙን መጥረግ፣ ዚፕ ያለውን ፕላስቲክ ከረጢት አየሩን አስወጥቶ መዝጋት፣ ክዳኑን ቀጭ እስኪል መጫን ያስፈልጋል። ውኃ የገባበት ደብተር አበቃለት። ከዚያ ሣጥኑን በነበረበት ቦታ፣ በነበረበት አኳኋን መልሱ። የተሻለ ቦታ አገኘሁ ብሎ ማዛወር የሚቀጥለውን ፈላጊ ሜዳ ላይ መጣል ነው።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ቀርቷል። ቤት ስትገቡ ፍንጩን ባያችሁበት ድረ ገጽ ላይ ያገኛችሁትን አግኝተናል፣ ያጣችሁትንም አጥተናል ብላችሁ ከነቀኑ መዝግቡ። እናንተ የመጀመሪያ ሣጥናችሁን የመረጣችሁት ከእናንተ በፊት የሄደ ሰው ቀኑን ስለጻፈላችሁ ነው፤ ከእናንተ ቀጥሎ ልጁን ይዞ የሚወጣው ጀማሪም በእናንተ ቃል ይመርጣል።