የሹም ጉዞና የሕዝብ አይሮፕላን

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ በመካከላችን የለም። በሰማነው ጊዜ ሁሉ እንስቃለን። ነገር ግን በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን ወደ ሥራ የምንሰማራ ስለ ሆነ፥ የተረቱን ዋጋ ከሌሎች አገሮች ታሪክ መመርመር ተገቢ መስሎ ታየን። ለምርመራችንም የመረጥነው ባለሥልጣኖች በጦር ሠራዊት አይሮፕላን የሚያደርጉትን ጉዞ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የመንግሥት መሪ በአየር ኃይል አይሮፕላን መጓዙ በራሱ ነውር አይደለም፤ ለደኅንነቱም ሆነ ለሥራው ፍጥነት ያስፈልገዋል። ችግር የሚመጣው አይሮፕላኑ የሹሙ የግል በቅሎ የሆነ እንደ ሆነ ነው።

አውስትራሊያ እጅግ ሰፊ አገር ናት። ስለዚህ የአየር ኃይሏ 34ኛ ስኳድሮን ሚኒስትሮችንና ታላላቅ እንግዶችን ያመላልስ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት መንግሥት ለዚሁ ሥራ አዳዲስ አይሮፕላኖች ስለ ገዛ፥ ወጪው በዛ፥ ለግል ጉዳይም ይውላል የሚል ወቀሳ ተነሣ። በ1966 በምክር ቤት ጥያቄ ቢቀርብ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ሆልት የተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር እንደማይገኝ መልስ ሰጡ። በሚከተለውም ዓመት የአየር ኃይል ሚኒስትሩ ፒተር ሃውሰን ይህንኑ ቃል አጸኑ።

መዝገቡ ግን ነበረ። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የመንግሥት ወገን መሪ የነበሩት ጆን ጎርተን የአየር ኃይል ሚኒስቴሩን ዋና ሹም ጠይቀው መዝገቡ መኖሩን ተረዱ፤ ኦክቶበር 25 ቀን 1967ም አምጥተው በምክር ቤቱ ፊት አቀረቡት። ጎርተን ተቃዋሚ አልነበሩም፤ የዚያው መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ እንጂ። ሃውሰን ሥራቸውን ለመልቀቅ ቢጠይቁ ሆልት አልተቀበሏቸውም። ሆልት በዚያው ዓመት ዲሴምበር 17 ቀን ባሕር ሲዋኙ ጠፍተው ቀሩ። በጃንዋሪ 1968 ጎርተን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ጥቂት ቆይተውም ሃውሰንን ከሚኒስትርነት አስወጡ። በእኛ አስተያየት ያን መንግሥት ይበልጥ የጎዳው በመዝገቡ ውስጥ የተጻፈው ስም ሳይሆን «መዝገብ የለም» የተባለው ቃል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን የአሜሪካ ነው። በዚያ አገር በ1987 በወጣ መመሪያ መሠረት የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ በማናቸውም ሰዓት ከፕሬዚዳንቱ ጋራ መገናኘት እንዲችል በጦር አይሮፕላን ይጓዝ ነበር። የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ሹም የነበሩት ጆን ሱኑኑ ከ1989 ጀምሮ ከ70 ጊዜ በላይ በዚህ ዓይነት መጓዛቸውን በ1991 ጋዜጣ ገለጠ። ከጉዞዎቹም መካከል በበረዶ ላይ ለመንሸራተት፥ ቦስተን ላይም ጥርስ ሐኪም ዘንድ ለመታየት የተደረጉ ነበሩባቸው። ለግል ጉዞ ይከፈል የነበረውም የተራ መንገደኛ ቲኬት ዋጋና አንድ ዶላር ብቻ ነበር፤ ይህም የጦር አይሮፕላን ከሚፈጀው ወጪ ጋራ የሚተካከል አይደለም። ወቀሳው ገና ሳይበርድ ሱኑኑ በመንግሥት መኪና እስከ ኒው ዮርክ ሄደው የቴምብር ጨረታ ላይ ተገኙ። በዲሴምበር 1991ም ሥራቸውን መልቀቃቸውን አስታወቁ። በአውስትራሊያ መዝገቡ ተሸሸገ፤ በአሜሪካ ግን ደንቡ ራሱ ለግል ጉዳይ መሸፈኛ ሆነ።

ይህን ስንጽፍ በሩቅ አገር ሰዎች ለመፍረድ ብቻ አይደለም። እኛም አንድ ዓመት የስፖርት ዕቃ ቤት ቁልፍ በእጃችን ገብቶ ነበር። ሌሎች ተማሪዎች ተራ ሲጠብቁ፥ እኛ አመሻሹ ላይ አዲሱን ኳስ አውጥተን እንጫወት ነበር፤ በመዝገቡም ላይ አንድ ቀን ስንኳ አልጻፍነውም። ኳሱ በተቀደደ ጊዜ ማን እንዳወጣው ተጠየቀ፤ ሁላችንም ዝም አልን። ያን ዝምታችንን ስናስታውስ እስከ ዛሬ እናፍራለን። ኳስና አይሮፕላን በዋጋ አይገናኙም፤ የሁለቱ ጥፋት ግን ሥሩ አንድ ነው።

እንግዲህ ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ፥ ዳኛ፥ የመንግሥት ሹም የሚሆን ይገኛል። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን የሚመኙልንም ይህንኑ ነው። በዚያን ጊዜ ሳንጠየቅ መዝገባችንን ለመክፈት የምንችል ከሆንን፥ የተሻርን ቀን የሚቆጨን ነገር አይኖርም።