ከሀዋሳ በራስ መኪና ወደ ኬንያ፦ ለበጋ ጉዞ ሳትነሱ ማወቅ ያለባችሁ

ህዳርና ታህሳስ ላይ የሀዋሳ ሌሊት ይበርዳል። በዚህ ሰሞን "ቤተሰቡን ጭነን ሞቅ ወዳለ ሀገር ብንወርድስ?" የሚል ወሬ በየቤቱ አይጠፋም። የሚጠራው ሀገርም አብዛኛውን ጊዜ ኬንያ ነው። ሀሳቡ እብደት አይደለም። ሀዋሳ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ውስጡ አልጋና ምድጃ የተገጠመለት የፈረንጅ መኪና አልፎ አልፎ በመሃል ከተማችን አቋርጦ ወደ ሞያሌ ሲወርድ ያላየ ያለ አይመስለንም። እነሱ ከአውሮፓ ድረስ ነድተው የሚመጡበትን መንገድ እኛ ከበራችን እንጀምረዋለን።

ርቀቱን በግምት እንያዝ። ከሀዋሳ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር፣ ከሞያሌ ናይሮቢ 800፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ 480። ደርሶ መልስ ከ3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ሳምንት እረፍት የሚሞከር ጉዞ አይደለም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተኩል ከሌላችሁ ባሕሩን እርሱት።

ሙቀቱ የት ነው ያለው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ናይሮቢ ሞቃት ከተማ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሀዋሳ ደግሞ 1 ሺህ 700 ገደማ። ስለዚህ ብርድ ሸሽቶ ናይሮቢ የሚገባ ሰው ሀዋሳን ጥሎ ሀዋሳ እንደመግባት ነው፣ ያውም ያለ ሐይቁ። ማርሳቢትም ተራራ ላይ ስለሆነች ጠዋት ጠዋት ጉም ይወርድባታል። ከኢሲዮሎ በኋላ መንገዱ የኬንያ ተራራን ትከሻ ይዞ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ስለሚወጣ እዚያ ጋ ጋቢ ያስፈልጋችኋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

እውነተኛው ሙቀት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው ቆላ፣ ሁለተኛው የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፦ ሞምባሳ፣ ዲያኒ፣ ማሊንዲ። ዳርቻው ጥርና የካቲት ላይ ቀን ቀን ከ30 ዲግሪ በላይ ይሄዳል፣ ሌሊቱም አይበርድም። ጊዜውን ስትመርጡ ደግሞ የኬንያ አጭሩ ዝናብ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ መሆኑን አትርሱ። በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን የባሕር ዳርቻው ይጨናነቃል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። በእኛ ምክር ገናን ቤታችሁ አክብራችሁ ከጥር በኋላ መነሳቱ ይሻላል። ልጆች ያሏችሁ ከግማሽ ዓመት እረፍት ጋር አስተካክሉት።

ወረቀት ወረቀት ወረቀት

ለሰው ማለፍ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጉብኝት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ኬንያ በ2024 ቪዛን አስቀርታ የኦንላይን የጉዞ ፈቃድ ስትጀምርም ኢትዮጵያውያን ከዚያ ነፃ ከተደረጉት ውስጥ ናቸው። ደንቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ግን ከመነሳታችሁ በፊት የኬንያ ኢሚግሬሽንን ገጽ አንድ ጊዜ ተመልከቱ። ልጆችም የየራሳቸው ፓስፖርት ይኑራቸው፤ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ልጅ ካለ የሌላኛው ወላጅ የተረጋገጠ የስምምነት ወረቀት ያዙ። ዲያስፖራ እንግዳ አብሯችሁ ካለ ደግሞ የኢትዮጵያ ቪዛው ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ እዩ፤ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ሞያሌን ሲሻገር አበቃ፣ መመለሻ የለውም።

"ቢጫ ካርድ ያዙ" ሲባል የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። እኛ ሀገር ቢጫ ካርድ ሦስት ነው። የዲያስፖራው መታወቂያ አለ፣ እሱ እዚህ ጉዳይ ውስጥ የለም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አለ፤ ኢትዮጵያ በሽታው ይኖርባቸዋል ከሚባሉ ሀገራት ስለምትመደብ ድንበር ላይ ትጠየቁበታላችሁ። የምስክር ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነውና በመነሻችሁ ዋዜማ አትሩጡ። አንዴ ከተከተባችሁ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሦስተኛው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ነው፦ ለመኪናው። ሀገር ውስጥ ያለው የሦስተኛ ወገን መድንችሁ ሞያሌ ላይ ያልቃል፤ የኮሜሳው ካርድ ግን ኬንያንም ይሸፍናል። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ይሰጣል፣ የምትሄዱበት ሀገር ስም ካርዱ ላይ መጠቀሱን አይታችሁ ተቀበሉ።

ዋናው ጣጣ የመኪናው መውጣት ነው። ሰው ድንበር ላይ ቢመለስ የሚያጣው ጊዜውን ነው፤ መኪና ያለ ትክክለኛ ወረቀት ወጥቶ ቢያዝ ግን የቤተሰብ ሀብት ነው የሚያዘው። ሊብሬው በማን ስም ነው? በወንድም፣ በድርጅት ወይም በሟች አባት ስም ከሆነ ሀገር ማስወጣትን በግልጽ የሚጠቅስ ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ይዛችሁ ሂዱ፤ "መንዳት ይችላል" የሚል ውክልና አይበቃም። መኪናው የባንክ እዳ ካለበት ባንኩ ይስማማ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ደግሞ ከጉምሩክ ፈቃድ ሳታገኙ ጉዞውን አታስቡት።

ለጉምሩክ ኮሚሽን የሀዋሳ ቅርንጫፍ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ፦ ይህ መኪና በጊዜያዊነት ወጥቶ እንዲመለስ ምን ሰነድና ምን ዋስትና ያስፈልጋል? ስመለስስ የራሴ መኪና መሆኑን ምን አሳይቼ ነው የማስገባው? መልሱን በወረቀት ያዙ፤ "ችግር የለም ሂዱ" የሚል የቃል መልስ ሞያሌ ላይ አያሻግርም። ኬንያ በኩል ደግሞ ለመኪናው የጊዜያዊ ማስገቢያ ፈቃድ ይጠየቃል። ለመንገድም ይከፈላል። ድንበሩ ላይ "እኔ ልጨርስልህ" የሚል ደላላ አይጠፋም፤ ወረቀቱ የተሟላለት ሰው ደላላ አያስፈልገውም፣ ያልተሟላለትን ደግሞ ደላላ አያድነውም። የሻሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን፣ ቦሎው መታደሱንም ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ወረቀቱ ካልተሳካ ሁለት አማራጭ አለ። መኪናውን ጥላችሁ ከሞያሌ ናይሮቢ በአውቶቡስ መሄድ ይቻላል። ወይም ሀገር ሳትለቁ አርባ ምንጭ መውረድ፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በታች ነው፣ ከሀዋሳ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለና የሚሞቅ፣ ጉምሩክም የሌለበት።

መንገዱ

የመጀመሪያ ቀን ያቤሎ ላይ ማደር ይመረጣል። ዲላን፣ ይርጋ ጨፌንና ሀገረ ማርያምን አልፋችሁ ነው፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚህ ላይ ሳንሸፋፍን እንናገር፦ ከሀገረ ማርያም ወዲያ ያለው መስመር ጸጥታው ይለዋወጣል። ትናንት ሰላም ነበር ማለት ዛሬ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ከማንም በላይ የሚያውቁት በየቀኑ የሚመላለሱት የሞያሌ መስመር ሹፌሮች ናቸው። በዋዜማው መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ዲላ ላይ ድጋሚ ጠይቁ፣ "ዛሬ ቆዩ" ካሏችሁ ቆዩ። ማታ መንዳት ጨርሶ አይታሰብም፤ ከጸጥታው ሌላ የቦረና ከብትና ግመል አስፋልት ላይ ነው የሚተኛው።

ነዳጅ ያገኛችሁበት ሁሉ ሙሉ። ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰልፍ ላይ ትውላላችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ፣ ከሀዋሳ በኋላ የምትሞሉበት ቦታ በስም ካላወቃችሁ ይህን ጉዞ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ጊዜ ካላችሁ ከዱብሉቅ ወጣ ብሎ ያለውን የኤልሶድ የጨው ሐይቅ ሳታዩ አትለፉ።

ሞያሌ ላይ የሁለቱ ሀገራት መሪዎች ህዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የመረቁት የጋራ የድንበር ኬላ አለ፤ የሁለቱ ሀገር ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ በአንድ ግቢ ያስተናግዳሉ። ጠዋት ድረሱ። ከዚያ የኬንያ ምድር ይጀምራል፣ መኪናውም ወደ ግራ ይዞራል።

ይህ ቀልድ አይደለም። ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው፣ የእኛ መሪ ደግሞ በግራ በኩል ስለሆነ ከጭነት መኪና ኋላ ሆናችሁ ለመቅደም ስትፈልጉ ከፊት የሚመጣው አይታያችሁም። ጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ዓይናችሁ ይሁን፤ እሱ "ባዶ ነው" ሳይል አትቅደሙ። አደባባይ ላይ የሚዞረው በተቃራኒ ነው፣ ቅድሚያም በቀኝ ለሚመጣው ነው። ሹፌር የሚሳሳተው ደግሞ ትራፊክ በበዛበት ሳይሆን ባዶ መንገድ ላይ፣ ነዳጅ ቀድቶ ሲወጣ ነው። ከመኪናው ኋላ መሪው በግራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ለጥፉ።

የድሮ ሰው "የሞያሌ–ማርሳቢት መንገድ መኪና ይበላል" ሲል ልክ ነበር፤ ዛሬ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ግን በረሃ ነው፣ ከተማ ከከተማ ይራራቃል። ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ የራዲያተር ውሃ፣ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር የሚጠጣ ውሃ። በየኬላው ፖሊስ ያስቆማችኋል። ምክንያቱን እናውቀዋለን፦ ይህ መስመር ከደቡብ ኢትዮጵያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሰደዱ ወጣቶች የሚያልፉበት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አማርኛ ወይም ሀዲይኛ እየተናገረ "ወንድሜ፣ እስከ ናይሮቢ ጣሉኝ" የሚል ልጅ ብታገኙ፣ ይከብዳል፣ ግን አትጫኑ። ውሃና ምግብ ስጡት። ወረቀት የሌለው ሰው መኪናችሁ ውስጥ ከተገኘ በኬንያ ሕግ ሰው አዘዋዋሪ ተብላችሁ ልትከሰሱ፣ መኪናውም ሊያዝ ይችላል።

ማደሪያና ኪስ

አልጋ የተገጠመለት መኪና እኛ ጋ ብርቅ ነው። ሃይሩፍ ያለው ሰው የኋላ ወንበሩን አስነስቶ እንጨት ቤት ጣውላና ፍራሽ ቢያስገጥም ግን ይበቃል። ወንበር ስታስነሱ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሰው ብዛት ከሚታየው ጋር እንዳይጣረስ ብቻ። መንገድ ዳር በፍጹም አትደሩ፤ ማርሳቢት፣ ሳምቡሩ አጠገብ ያለችው አርቸርስ ፖስት፣ ናንዩኪ፣ ናይሮቢ ላይ መኪና ግቢ አስገብቶ ማደር የሚቻልባቸው ካምፖችና ሆቴሎች አሉ። ከናይሮቢ ሞምባሳ ያለው መንገድ በከባድ መኪና የተጨናነቀ ስለሆነ ቮይ ላይ አድራችሁ በቀን ጨርሱት። ዳርቻው የወባ ሀገር ነው፣ አጎበር ያዙ።

ፌስታል ይዛችሁ እንዳትገቡ፤ ኬንያ ከነሐሴ 2017 (በፈረንጆች) ጀምሮ ከልክላለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። በርበሬና ሽሮውን በጨርቅ ከረጢት ወይም በጣሳ አድርጉት። የኬንያ ሶኬት ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፣ ማገናኛ ግዙ። የሀገር ውስጥ ኤምፔሳችሁ እዚያ አይሠራም፤ በፓስፖርት የኬንያ ሲም አውጥታችሁ ክፈቱ፣ ትንሹም ሱቅ በሱ ነው የሚቀበለው። የውጭ ምንዛሬውን ከባንክ በደረሰኝ ያዙ። ነዳጅ እዚያ ከእኛ ይወደዳል፤ ዋጋው በየወሩ በ14ኛው ቀን ነው የሚታወጀው፣ በጀት ስታወጡ አስቡት።

አንድ የሚያስደስት ነገር፦ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ለነሱም 1 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ወደ ፈረንጅ ሰዓት ይቀይሩታል፤ ቀጠሮ ስትይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ልብ በሉ። ቀን ግን በፈረንጅ ብቻ ነው። የመኪናው ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀን ዳሽቦርዱ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ለጥፉ፣ ከዚያ ቀን ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድማችሁም ሞያሌ ድረሱ።