ሮም ላይ ወርቅ ያመጣው ሽጉጥ የት ገባ?

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ ሮም ላይ ምን እንደተደረገ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ፤ እኛም ይኸው እስከ ዛሬ እናወራዋለን። በዚያው ኦሎምፒክ፣ እዚያው ሮም፣ ሌላ ሰው ሌላ ወርቅ ወስዷል። ዊሊያም ማክሚላን ይባላል፤ የአሜሪካ ማሪን መኮንን ነው። እኛ ሰፈር ስሙን የሚያነሳው የለም፤ አይፈረድብንም።

ውድድሩ የ25 ሜትር ፈጣን ሽጉጥ ተኩስ ነበር። አምስት ኢላማ ጎን ለጎን ይቆማል። ተኳሹ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጥይት ያጎርሳል፤ አምስቱንም መጀመሪያ በ8 ሰከንድ፣ ቀጥሎ በ6፣ መጨረሻ ላይ በ4 ሰከንድ ውስጥ። በጠቅላላው 60 ጥይት፣ ቢበዛ 600 ነጥብ። ማክሚላን፣ ፊንላንዳዊው ፔንቲ ሊኖስቮ እና የሶቭየቱ አሌክሳንደር ዛቤሊን ሦስቱም እኩል 587 አመጡ። በተጨማሪ ተኩስ ተለዩና ወርቁ ለማክሚላን ሆነ።

አበበ ያለ ጫማ መሮጥ ይችላል። ማክሚላን ግን ባዶ እጁን ሄዶ አያሸንፍም። በእጁ የያዘው ኮኔቲከት ውስጥ የተሠራ «ሃይ ስታንዳርድ» የሚባል ሽጉጥ ነበር። እኛን የገረመን እዚህ ላይ ነው። የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣ ዕቃ የሠራ ፋብሪካ ከዚያ በኋላ በትዕዛዝ ብዛት ይጨናነቃል ብለን ነበር። ፋብሪካው ግን ከሮም 24 ዓመት በኋላ ተዘጋ።

ለምን? ስንቆፍር ያገኘነው መልስ አንድ አይደለም። ይህ የሽጉጥ ዘር ሦስት ጊዜ ሞቷል፦ አንዴ በዋጋ፣ አንዴ በደንብ፣ አንዴ በኀዘን። (አስቀድመን እንናዘዝ፤ እኛ ከውኃ ሽጉጥ በቀር ሽጉጥ ይዘን አናውቅም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጠርዙ ላይ የሚመታው ጥይት

መጀመሪያ ስለ ጥይቱ። የአብዛኛው ጥይት ማቀጣጠያ ከቀለሁ ግርጌ መሐል ላይ የተተከለች ትንሽ ቆብ ናት። የእነዚህ ግን ማቀጣጠያው ከቀለሁ ግርጌ ዙሪያውን ባለው ጠርዝ ውስጥ ይቀመጣል። ሽጉጡ ጠርዙን ሲደቁሰው ባሩዱ ይቀጣጠላል። ዋናው ቁጥሩ «ነጥብ 22» ነው፤ ወደ 5.6 ሚሊሜትር ግድም። አጭሩ «ሾርት» በ1857 ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥ ጋር መጣ፤ ረዘም ያለው «ሎንግ ራይፍል» በ1887።

ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ብዙ አይረግጥም። ቀኑን ሙሉ ቢተኩሱት ኪስም ትከሻም አይጎዳም። ጉድለቱ ጠርዙ አንዴ ከተደቆሰ ቀለሁ ዳግም መሞላት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ባለ 22 ሽጉጥ ሁልጊዜ የጥይት ፋብሪካ ጥገኛ ነው።

ሦስቱ የኮኔቲከት ልጆች

ኮኔቲከት ከአሜሪካ ትናንሽ ግዛቶች አንዷ ናት። የዚህ ታሪክ ሦስት ዋና ተዋናዮች ግን ሁሉም ከእሷ ወጡ።

ታላቁ ልጅ ኮልት ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ባለ 22 ሽጉጥ ሃርትፎርድ ውስጥ መሠራት የጀመረው በ1915 ነው፤ በ1927 «ዉድስማን» የሚል ስም ወጣለት፤ የጫካ ሰው እንደማለት። ቀጭን፣ ሚዛኑን የጠበቀ፣ የሚያምር ዕቃ ነው። አካሉ ከድፍን ብረት በፍሬዛና በቶርኖ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሠለጠነ እጅ በሞረድ ያስማማዋል።

መካከለኛው ሃይ ስታንዳርድ ነው። መሥራቹ ካርል ጉስታቭ ስዌቢሊየስ የስዊድን ተወላጅ ነበር። በ1926 ኩባንያውን ሲያቋቁም ሽጉጥ አልሠራም፤ የሠራው አፈሙዝ የሚበሳበትን ረጅም መሰርሰሪያ ነው። በ1932 ሃርትፎርድ አርምስ የሚባል የከሰረ ድርጅት ገዛና ከነሽጉጡ ወረሰው። ቀስ በቀስ የኢላማ ተኳሾች ምርጫ ሆነ፤ በተለይ ስለ ቃታው። ቃታ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳያስጨንቅ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ክብደት «ቀጭ» ካለ ለኢላማ ተኳሽ ከዚያ በላይ ጸጋ የለም።

ኩባንያው ደንበኛውንም ያውቃል። በአሜሪካ አንጋፋ የሽጉጥ ውድድር አንድ ሰው በሦስት ሽጉጥ ይተኩሳል፤ አንዱ ባለ 22፣ አንዱ ባለ 45። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሃይ ስታንዳርድ የባለ 22ቱን እጀታ ከባለ 45ቱ የጦር ሠራዊት ሽጉጥ ጋር አንድ ዓይነት አድርጎ አወጣው። ተኳሹ መሣሪያ ሲቀይር እጁ እንግዳ እንዳይሆንበት ነው።

ታናሹ ሩገር ነው። ቢል ሩገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ማሪን ያመጣቸውን የጃፓን ናምቡ ሽጉጦች ፈታ፣ ገጠመ፣ አጠና። ከዚያ በ1949 ሳውዝፖርት ውስጥ፣ ጓደኛው አሌክሳንደር ስተርም ባወጣው 50,000 ዶላር ሥራ ጀመረ። ድፍን ብረት መፈልፈሉን ተወው። እጀታውን ከላሜራ በፕሬስ ቀጥቅጦ ሁለት ግማሽ አወጣ፤ ግማሾቹን በብየዳ አገናኛቸው። ዋጋው 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም! የኮልት ዋጋ ከዚህ በብዙ ይበልጥ ነበር።

«በላሜራማ ምን ዕቃ ይሠራል» እንዳትሉ። በዉድስማን ላይ የኋላው ማነጣጠሪያ የተቀመጠው በየተኩሱ ወዲያና ወዲህ በሚንሸራተተው ብረት ላይ ነው። በሩገር ግን የሚንቀሳቀሰው ውስጥ ያለው መዝጊያ ብቻ ነው፤ ፊትና ኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ከአፈሙዙ ጋር አንድ አካል ሆነው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ርካሹ መላ እዚህ ላይ ውዱን በለጠው። ሃይ ስታንዳርድም በኋለኞቹ ሞዴሎቹ ማነጣጠሪያውን ከተንሸራታቹ ላይ አንስቶ እንደ ድልድይ ባለ ብረት ላይ ሰቀለው።

ባለቤቶች ሲያወዳድሯቸው የሚሉትን በአጭሩ እንንገራችሁ። ዉድስማን ለዓይንና ለእጅ፣ ሃይ ስታንዳርድ ለነጥብ፣ ሩገር ለዕድሜ ልክ። ሁሉም ግን አመል አላቸው። ሃይ ስታንዳርድ ስለ ካዝናው ነጭናጫ ነው፤ የካዝናው ከንፈር ትንሽ ከተጣመመ ጥይት አልጎርስም ይላል። የድሮው ሩገር ለመፍታት ቀላል፣ መልሶ ለመግጠም ግን የትዕግሥት ፈተና ነው። ይህ ችግር በደንብ የተፈታው በ2016 በወጣው ማርክ 4 ነው።

የመጀመሪያው ሞት፦ ዋጋ

የኢላማ ተኩስ ጨዋታ ነው፤ ገበያ ግን ጨዋታ አያውቅም። የባለሙያ ደመወዝ እያደገ ሲሄድ በፍሬዛ የሚፈለፈልና በሞረድ የሚስማማ ሽጉጥ ከላሜራው ጋር መወዳደር አቃተው። ኮልት በ1977 ዉድስማንን አቆመ። ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ሥራ ነበር።

ሃይ ስታንዳርድ ሌላም ጣጣ ነበረበት። ከትልልቅ ደንበኞቹ አንዱ በካታሎግ የሚሸጠው ሲርስ ነበር። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ መሣሪያን ከግዛት ግዛት በፖስታ መሸጥን ከለከለ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ለሌላ ባለሀብት ተሸጠ፤ በ1970ዎቹ ቦታ ቀየረ፤ በ1984 በሩን ዘጋ። ስሙን በ1993 ቴክሳስ ላይ ሌሎች አነሱት። ስም ግን በውል ይዛወራል፤ የሞረድ እጅ በውል አይዛወርም። ድሮ የተሠሩትን ሰብሳቢዎች ዛሬም ለይተው የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

አሸናፊው ሩገርም የራሱን ልጅ እየቀበረ ነው የኖረው። የመጀመሪያው ትውልድ በ1982 ለማርክ 2 ቦታ ለቀቀ። ከዚህ ትውልድ ሰብሳቢዎች በጣም የሚወዱት እጀታው ላይ ቀይ ንስር ያለበትን ነው። ንስሩን ያወጣው ስተርም ነበር፤ በ1951 በወጣትነቱ ሲሞት ንስሩ ጥቁር ሆነ። የፋብሪካ ማርክ ሲያዝን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሁለተኛው ሞት፦ ደንብ

ሃይ ስታንዳርድ ለፈጣን ተኩስ ብሎ ያወጣው ሞዴል «ኦሎምፒክ» ይባል ነበር፤ የሚጎርሰውም አጭሩን ሾርት ነበር። ሾርት ርግጫው ትንሽ ስለሆነ በ4 ሰከንድ አምስት ኢላማ ለሚያዳርስ ሰው ሁነኛ ነው። ለአሥርት ዓመታትም የዚህ ውድድር ጥይት ሆኖ ቆየ። ከ2004ቱ የአቴንስ ኦሎምፒክ በኋላ ግን የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ተቀየረ፤ ፈጣን ተኩስም በሎንግ ራይፍል እንዲሆን ተወሰነ።

በአንድ ገጽ ደንብ በዓለም ዙሪያ ያሉ ውድ ሽጉጦች ሜዳ አልባ ሆኑ። አልተሰበሩም፤ አልዛጉም፤ የሚገቡበት ውድድር ብቻ ጠፋ። እስቲ አስቡት፤ ማራቶን ዛሬም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ደንቡ በባዶ እግር መሮጥንም አይከለክልም። የአበበ እግር ዛሬም መነሻው መስመር ላይ መቆም ይችላል። ያ «ኦሎምፒክ» የሚል ስም የተቀረጸበት ባለ ሾርት ሽጉጥ ግን ኦሎምፒክ አይገባም።

ሦስተኛው ሞት፦ ኀዘን

እስካሁን ስለ ሰዓት ወይም ስለ ካሜራ የምናወራ ሊመስል ይችላል። አይደለም፤ ሽጉጥ ነው።

ሮም ላይ ወርቅ ያመጣው ኩባንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ሰላዮች ድምፅ አልባ ባለ 22 ሽጉጥ ሠርቷል። ከሮም ውድድር አራት ወር ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 1960 ላይ፣ የስለላ አውሮፕላኑ ሶቭየት ኅብረት ሰማይ ላይ የተመታበት ፍራንሲስ ጋሪ ፓወርስ ሲያዝ የተገኘበት ሽጉጥ ይኸው ነበር። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ሥራ። ሮበርት ኬኔዲ በ1968 የተገደለውም በባለ 22 ሽጉጥ ነው። «ትንሿ ጥይት» እያሉ ማቆላመጥ ልክ አለው።

ከሁሉ የከበደው ግን ስኮትላንድ ውስጥ ሆነ። መጋቢት 1996 ደንብሌን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና አንዲት መምህርት ገደለ። ሽጉጦቹ በፈቃድ የተያዙ ነበሩ። በ1997 የወጣው የመጀመሪያው ሕግ ከባለ 22 በላይ ያሉትን ሽጉጦች አገደ፤ የኢላማ ተኳሾቹን ባለ 22 ግን ተወው። በዚያው ዓመት መንግሥት ተቀየረና ሁለተኛው ሕግ ባለ 22ቱንም ጨመረ። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ያሉ ተኳሾች ለዓመታት የወለወሉትን ለፖሊስ አስረከቡ፤ ካሳም ተከፈላቸው። የብሪታንያ ሽጉጥ ተኳሾች ለልምምድ ውጭ አገር መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ ለንደን በ2012 ኦሎምፒክ ስታዘጋጅም ልዩ ፈቃድ አስፈለገ።

ተኳሾቹ «የኛ ምን አደረገ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገዳዩ የተጠቀመው በባለ 22 አልነበረም። ወላጆች ደግሞ በበኩላቸው አንድም እንዳይቀር ጠየቁ። እኛ እዚህ አዲስ አበባ ተቀምጠን ዳኛ መሆን አያምርብንም። ግን ከመካከላችን በዚህ የተከራከርን ነበርን፤ ክርክሩም አንድ ቦታ ላይ አረፈ። ሠሪው የደከመበት ዕቃ መጥፋቱ ያሳዝናል፤ ይሁን እንጂ አንድ አገር ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ የተኳሹ ደስታ መጀመሪያ እንዲታሰብላት አትጠበቅም። ባለቤቱ ቅር ሊለው መብቱ ነው፤ ጎረቤቱም «በቃኝ» ማለት መብቱ ነው።

የቀሩትስ?

አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ብዙዎቹ በእጅ አሉ። ባለቤቶቻቸው እንደኛ አገር የቮልስ ባለቤቶች ናቸው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። አሮጌ ሲገዙ ስንጥቅ ይፈልጋሉ፣ ካዝናው የራሱ መሆኑን ያያሉ፣ የደከመ ሞላ ይቀይራሉ። ያለ ጥይት ቃታ አይስቡም፤ መምቻው የጥይት ጎሬውን ጠርዝ እንዳይጎዳው። መለዋወጫ ሲጠፋ ከሌላ የሞተ ሽጉጥ ይነቅላሉ። ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ አይገርመውም።

እናላችሁ፣ ከዚህ ሁሉ የያዝነው ይህን ነው። ጎበዝ መሥራት ብቻውን ዕቃን አያኖርም፤ ወርቅም አያኖርም። ዕቃ የሚኖረው የሚሠራው እጅ ደመወዙን እስካገኘ፣ የሚገባበት ሜዳ እስካለ፣ አብሮት የሚኖረው ሕዝብም እሺ እስካለ ድረስ ነው። የመጀመሪያው ሞት ለባለሙያው ያሳዝነናል። ሁለተኛው ትንሽ ያስቀናል፤ እግር ደንብ አይሽረውማ! ሦስተኛውን ግን ዕቃው ምንም ያህል ቢያምር «ባይሆን ኖሮ» ለማለት አፋችን አልታዘዘልንም።