ጥፍርና ቀለሙ፦ ከእንሶስላ እስከ ዘመኑ መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የእግራቸው አውራ ጣት ጥፍር ወፍሮና ቢጫ ሆኖ፣ «ልጄ፣ ሂና ብቀባው አይድንም ወይ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ረጅም ታሪክ አለው።

በደጋው አገራችን እናቶች የእንሶስላን ሥር ወቅጠው እጅና እግራቸውን ይሞቃሉ፤ ለውበትም ለቆዳ ሕመምም ብለው ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ረሃቡ አፈናቅሏቸው ኡም ራኩባ የተጠለሉት፣ በ2020ም ጦርነት ያሰደዳቸው ገዳሪፍ ሲደርሱ የሱዳን እናቶችን በሂና ተውበው አገኟቸው። ለሂና ቀለሙን የሚሰጠው ሎሶን የተባለው ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ፈንገስን ሲያዳክም ታይቷል። እናቶቻችን ጨርሶ አልተሳሳቱም ማለት ነው። ዳሩ ግን ፈንገሱ የሚሸሸገው ከጥፍሩ ሥር ነው፤ ጥፍር ደግሞ እንደ ቀንድ ጠጣር ነው። ቀለሙ ላዩን ያሳምራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

ሐኪሞችንም ያስቸገራቸው ይኸው ነው። እንግሊዛዊው አርተር ዊትፊልድ ከመቶ ዓመት በፊት ያዘጋጀው ቅባት እስከ ዛሬ ለጭርት ያገለግላል፤ ለጥፍር ግን እምብዛም አይረዳም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግሪሶፉልቪን የሚባል የሚዋጥ ኪኒን መጣ። በ1990ዎቹ ደግሞ እንደ ጥፍር ቀለም የሚቀቡ አሞሮልፊንና ሲክሎፒሮክስ ተገኙ። እነዚህም የሚረዱት ሕመሙ ገና ወደ ጥፍሩ ሥረ መሠረት ሳይደርስ፣ ጥፍሩ እየተሞረደ ለወራት ሲቀባ ነው። የእግር ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል፤ በሁለት ሳምንት ተስፋ የሚቆርጥ ሰው መድኃኒቱን በከንቱ ይወቅሳል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሂናውን ለማጥቆር የፀጉር ማቅለሚያ የሚቀላቅሉ አሉ። በውስጡ ያለው ፓራ ፌኒሊን ዳያሚን መርዝ ነው፤ ጉሮሮን ያሳብጣል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። በዚህ ድብልቅ ስለ ተመረዙ ሕፃናት የካርቱም ሐኪሞች በ1992 ጽፈዋል። እባካችሁ ልጆቻችሁን ከእሱ አርቁ።

እኚያ እናት የስኳር ሕመም አለባቸው። ስለዚህ «እማማ፣ ለእርስዎ ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ ከጥፍሩ ጎን የተሰነጠቀው ቆዳ ወደ ቁስል ሊለወጥ ይችላል» ብዬ ወደ ሐኪሙ መራኋቸው። ሐኪሙ የጥፍሩን መልክ ማየት ስላለበት፣ እናንተም ስትመጡ ጥፍራችሁን ሳትቀቡ ኑ። በዚህ ሙቀት ኮንጎ ጫማ ለብሳችሁ የምትውሉ፣ ማታ እግራችሁን ታጥባችሁ በጣቶቻችሁ መካከል አድርቁ፤ የጥፍር መቁረጫ ምላጭም አትዋዋሱ። ሂናውንስ? እማማ ለልጃቸው ሠርግ አስቀምጠውታል፤ ለእጃቸው ብቻ።