የደርባን ሁከት

በደቡብ አፍሪካ፣ በናታል የባሕር ጠረፍ በምትገኘው በደርባን ከተማ፣ በቪክቶሪያ ጎዳና ከሕንዶች ገበያ አጠገብ፣ ጥር 5 ቀን 1941 ዓ.ም. ሐሙስ ወደ ማታ፣ ሠራተኛው ሁሉ ወደየሰፈሩ የሚመልሰውን አውቶቡስ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ አንድ የ14 ዓመት አፍሪካዊ ልጅ ከአንድ ወጣት ሕንዳዊ የሱቅ ሠራተኛ ጋር ተጣላ፤ የሱቁ ጌታም ደርሶ ልጁን ሲመታው፣ ልጁ ከመስኮት መስተዋት ጋር ተጋጭቶ ራሱ ተፈነከተ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሽማግሌ ቢገኝ በካሣና በይቅርታ የሚያልቅ ጠብ ነው።

ዳሩ ግን ደሙን ያየው አውቶቡስ ጠባቂው ሕዝብ ነበረና፣ ወሬው ከመንገደኛው ጋር ተሳፍሮ ወደየሰፈሩ ሄደ፤ በየደረሰበትም እየከበደ፣ ልጁ ሞቷል ወደ ማለት፣ ከዚያም ሕንዶች አንገቱን ቆርጠው ራሱን በመስጊዳቸው አኑረውታል ወደ ማለት ደረሰ። ልጁ ግን በሕይወት ነበር። በዚያች ማታ ሱቅ ተሰበረ፣ አውቶቡስ ተወገረ፤ በማግስቱ ሌሊት ግን አፍሪካውያንና ሕንዳውያን አብረው በሚኖሩበት በኬቶ ማነር ሰፈር ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። ወታደርና የባሕር ኃይል ገብቶ ሁከቱ ሲበርድ የሞቱት 142 ሆነው ተቆጠሩ፤ ከእነርሱም 87ቱ አፍሪካውያን፣ 50ዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ፤ የቆሰሉትም 1,087 ነበሩ። ከአፍሪካውያኑ ሟቾች ብዙዎቹን የጣላቸው ጸጥታ ለማስከበር የተላከው ኃይል ጥይት ነው።

የዚህን መዓት ሥር ለመመርመር ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ናታል የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ የአገሩ ተወላጆች ዙሉዎች በነጮች የሸንኮራ እርሻ በርካሽ ደመወዝ ለመሥራት እምቢ ስላሉ፣ ገዥዎቹ ከ1853 ዓ.ም. ጀምሮ በሃምሳ ዓመት ግድም ውስጥ ከ150,000 የሚበልጡ ሕንዳውያንን በውል አስረው አስመጡ፤ ውላቸውን ከፈጸሙትም ብዙዎቹ በዚያው ቀርተው አትክልተኞች፣ ቸርቻሪዎችና ባለ አውቶቡሶች ሆኑ። ፈቃድ ሰጪና ነሺው ነጭ አስተዳደር ለአፍሪካዊው የከተማ መሬትም የንግድ ፈቃድም በጭንቅ ካልሆነ ስለማይሰጥ፣ ዙሉው ሠራተኛ ዱቄቱን የሚገዛው ከሕንዳዊ ሱቅ፣ የሚሳፈረው በሕንዳዊ አውቶቡስ፣ የሚከራየው የቆርቆሮ ጎጆም የቆመው በሕንዳዊ መሬት ላይ ሆነ። ዋጋ ያናሩና ደንበኛን ያዋረዱ ሕንዳውያን ነጋዴዎች አልነበሩም አይባልም፤ ነገር ግን ሁለቱን ድኾች እንዲህ አፋጥጦ ያኖረ ሕግ አውጪ በነጮቹ ሰፈር በቤሪያ ኮረብታ ላይ በአትክልት በተከበበ ቤቱ ይኖር ነበር። በሁከቱም ቀን ከመንገድ ዳር ቆመው ያጨበጨቡ ነጮች መኖራቸውን የዓይን ምስክሮች ተናግረዋል።

አስቀድሞ በ1939 ዓ.ም. መሪዎቹ ዶክተር ዙማ፣ ዶክተር ዳዱና ዶክተር ናይከር የአፍሪካውያንንና የሕንዳውያንን የፖለቲካ ማኅበራት በአንድ የትብብር ቃል አስተሳስረው ነበር፤ ማኅበራቱ ከሁከቱም በኋላ በአንድነት ቆመው ሕዝቡን ለማስታረቅ ደከሙ። መንግሥት ያቆመው የመርማሪዎች ጉባኤ ግን፣ በዳኛው በፋን ደን ሂቨር ሊቀ መንበርነት ተሰይሞ፣ የማኅበራቱ ጠበቆች ምስክሮቹን በመስቀለኛ ጥያቄ እንዳይመረምሩ ስለ ከለከለ፣ ሁለቱም ትተውት ወጡ፤ እኔ መውጣታቸውን አልነቅፍም፣ ጠያቂ የሌለበት ምስክርነት ፍርድ አይሆንምና።

በ1940 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው የጠቅላይ ሚኒስትር ማላን መንግሥት በ1942 ዓ.ም. ሰፈርን በዘር የሚከፍል ሕግ አወጣ፤ ቆይቶም በዚያ ሕግ ኬቶ ማነር የነጮች ሰፈር ተብሎ ታወጀ፤ ሕንዳዊው ወደ ቻትስወርዝ፣ ዙሉው ወደ ክዋማሹ በግድ ተነቀሉ።