ጎልማሳው የሕግ ተማሪ

«ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፤ ስለ ጥብቅና ሙያ የሚናገር ሰው አስቀድሞ የአባቶችን ሙግት ሊመለከት ይገባዋል። በቀድሞው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ከዳኛ ፊት ይቀርቡ፤ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ይሟገቱ፤ በማርና በበቅሎም ይወራረዱ ነበር። ነገር ዐዋቂ የሚባለውም ሰው ሙያውን የሚማረው በችሎት ቆሞ በማድመጥ ነበር እንጂ ትምህርት ቤት ገብቶ አልነበረም። የተጻፈው ሕግ ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ ያለው መጽሐፍ ሲሆን፤ ትርጓሜው በሊቃውንት እጅ ነበረ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስቴርነት ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ተሰጠ። ይሁን እንጂ ታላቁ ለውጥ የመጣው ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ ታወጁ። ከፍትሐ ብሔሩ ሕግ 3367 ቁጥሮች መካከል ቁጥር 3347፤ በግልጽ ካልተፈቀደ በቀር፤ ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ቀድሞ የነበረው ደንብና ልማድ መተካቱን ይናገራል። ይህ ቁጥር ለአንባቢ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት በችሎት ለኖረ ሰው፤ በዕድሜው ካከማቸው ዕውቀት ብዙው በአንድ አዋጅ ከእጁ ወጣ ማለት ነው።

በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ዲንም አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ቀን ከሚማሩት ወጣቶች ሌላ፤ በማታው ክፍል ዳኞችና የመንግሥት ሠራተኞች ይማሩ ነበር። ሲያዝዝ የዋለ ሰው ማታ ደብተር ይዞ ከመምህር ፊት መቀመጡ ለክብሩ ከባድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ባለማወቅ የተሰጠ ፍርድ የሚጐዳው ባለጉዳዩን ነው እንጂ ፈራጁን አይደለም። መሬቱን ወይም ልጁን ያጣ ሰው የዳኛው ሽበት አያጽናናውም።

ወጣቱ ተማሪ ቁጥሩን ፈጥኖ ይይዛል፤ ጎልማሳው ግን የርስት ክርክር ወንድማማችን እንዴት እንደሚለያይ በዓይኑ አይቷል። ሁለቱ ዕውቀት በአንድ ሰው ሲገናኙ ፍትሕ ትደምቃለች። ስለዚህ ዛሬም ከመዝገብ ጋር ውሎ ማታ ወደ ሕግ ትምህርት የሚሄድ የሥራ ባልደረባችንን «አሁን ምን ያደርግልሃል?» ልንለው አይገባም።

በአባቶቻችን ዘመን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሯጭ ይቆም ነበር። ቃሉ ተከብሮ የሚኖረው ግን ሕጉን ተምሮ የሚያስረዳ ሰው ሲገኝ ነው።