ተነቅሎ የሚተከል ቤተ ሰብ፦ የላምቢ ቤተ ሰብ በኢትዮጵያ እና ለዛሬዪቱ ላኪ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተምረው

መግቢያ

በጉንችሬና በዙሪያዋ ባሉ የእኖር መንደሮች ያገለገለ ሰው እንሰትን ሳያስተውል አያልፍም። እንሰት እንደ ገብስ ወይም እንደ ጤፍ በአንድ ክረምት ተዘርቶ በበጋ የሚታጨድ አይደለም። ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥም ከአንዱ ቦታ ተነቅሎ ወደ ሌላው በተደጋጋሚ ይተከላል። የሚራባውም በዘር ሳይሆን፣ የወጣቱ ተክል አምቾ ተቆርጦና እምብርቱ ወጥቶ ከፍግ ጋር ሲቀበር ነው። ከዚያ ከተቀበረው አምቾ ዙሪያ ብዙ ችግኞች ይበቅላሉ።

ይህ ጽሑፍ ወንጌልን ይዞ ወደማያውቀው አገር ስለ ገባ አንድ ቤተ ሰብ ነው። የዶክተር ቶማስ ላምቢና የባለቤታቸው የቻርሎት ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው እንደ ሆስፒታሎችና እንደ ሚሲዮን ጣቢያዎች ታሪክ ነው። እኛ ግን አንድ ጥያቄ ይዘን እንመለከተዋለን፦ አንድ ቤተ ሰብ በሌላ ሕዝብ መካከል «ተቀመጠ» የሚባለው መቼ ነው? ዋጋውስ ምንድር ነው? ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ወንጌላውያንን ከነቤተ ሰባቸው ቋንቋቸው ወደማይነገርበት አካባቢ ይልካሉ። ከመላካችን በፊት ከእኛ የቀደሙትን ማየት ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንጆች ብቻ አልነበሩም

አስቀድመን አንድ የተለመደ አስተሳሰብ እናስተካክል። «ሚሲዮናዊ ቤተ ሰብ» ሲባል ብዙዎቻችን ነጭ ባልና ሚስት በበቅሎ ሲጓዙ እናስባለን። በምዕራብ ኢትዮጵያ ግን የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መሠረት የተጣለው በአፍሪካውያን ቤተ ሰቦች ነው። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከኤርትራ ደጋ ተነሥተው ከዳንኤል ሉሉ ጋር፣ ሁለቱም ከነሚስቶቻቸው፣ በ1898 በወለጋ ቦጂ ሰፈሩ። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1905 በእሳት አደጋ ሞቱ፤ መቃብራቸውም እዚያው ሆነ። ከኢሉባቦር በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው በምጽዋ ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብም፣ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አዘጋጅተው ከዚያ በኋላ ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ነቀምት ገቡ። ስለዚህ ላምቢዎች ባዶ መሬት ላይ አልደረሱም። ቀድሞ በተጀመረ መንገድ ላይ የመጡ እንግዶች ነበሩ።

ከሶባት ወንዝ እስከ ሳዮ

ላምቢ በ1885 በአሜሪካ ፒትስበርግ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በ1907 በፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በኩል ወደ ሱዳን ሄዱ፤ ከቻርሎትም ጋር የተጋቡት በዚያው የአገልግሎት ዘመን ነው። በደቡብ ሱዳን በሶባት ወንዝ ዳር በምትገኘው ናስር ሲያገለግሉ ሳለ፣ ከኅዳር በሽታ በኋላ፣ ከድንበር ወዲህ ያለው ገዥ ደጃዝማች ብሩ ሐኪም እንዲመጣላቸው ጠየቁ። በ1919 ላምቢ፣ ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው በጋምቤላ በኩል ወደ ሳዮ፣ ማለትም ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ወጡ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ቤተ ሰቡ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሩን ሰብሮ ሳይሆን ተጠርቶ ነው። የጠራቸውም ስብከት ፈላጊ ሳይሆን ወረርሽኝ ያስደነገጠው ገዥ ነበር። ብዙ ጊዜ የወንጌል በር የሚከፈተው ሰው በተጨነቀበት ጉዳይ በኩል ነው፤ ጌታችንም ወደ ብዙ ቤቶች የገባው የታመመ ሰው ስለ ነበረባቸው ነው። ይሁን እንጂ በታመመ ሰው በኩል የገባ እንግዳ በሽታው ሲድን ይሸኛል። ለመቀመጥ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

በሳዮ የተዘራው ፍሬ ያፈራው በሐኪሙ እጅ ብቻ አልነበረም። በዚያች ከተማ ከተነሡት ታላላቅ አገልጋዮች አንዱ በፈንጣጣ የዐይናቸውን ብርሃን ያጡት ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው። ሚሲዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲወጡ የቤቴል ምእመናንን ከያዙት መካከል እኚህ ዐይነ ስውር ይገኙበታል። ሐኪሙ ሊያድኑት ያልቻሉት ዐይን ለሌሎች መሪ ሆነ።

በጉራጌ ምድር ያለፈው መንገድ

ላምቢ በ1922 ወደ አዲስ አበባ ሄደው ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኙ። አልጋ ወራሹ በዋና ከተማው ሆስፒታል እንዲሠሩ ጠየቋቸው፤ በአንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ ስጦታም በጉለሌ ሆስፒታል ተሠራ። ይህ ሁሉ መልካም ነበር፤ የላምቢ ልብ ግን ወንጌል ወዳልደረሰበት ወደ ደቡብ ነበር። ከአልፍሬድ በክስተንና ከጆርጅ ሮድ ጋር ሆነው ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ጋር ተባበሩ፤ የመጀመሪያው ቡድንም በ1927 መጨረሻ አዲስ አበባ ገባ።

በ1928 መጋቢት ወር ቡድኑ ጅማን አስቦ ተነሣ። የመረጡት መንገድ በጉራጌ ምድር ምሥራቃዊ ጎን፣ ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ ባለው በማረቆ በኩል የሚያልፍ ነበር። ወደ ጅማ መግባት ግን አልሆነላቸውም። ወደ ደቡብ ታጥፈው ከምባታ፣ ወላይታና ሲዳማ ደረሱ፤ በሆሳዕና አጠገብ ላምቡዳ፣ በሶዶ አጠገብ ኦቶና፣ በሲዳማም ጋርቢቾ የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች ሆኑ። ጳውሎስ ወደ ቢታንያ ሊሄድ ሞክሮ መንገዱ እንደ ተዘጋበትና ወደ መቄዶንያ እንደ ተጠራ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ይነግረናል። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አባቶችም ይህን የ1928 መንገድ በዚያው መንፈስ ሲያስታውሱት ኖረዋል።

ለእኛ በጉራጌ ለምናገለግል ግን ታሪኩ ሌላ ገጽ አለው። ለእነርሱ ምድራችን መተላለፊያ ሆነች። ሰባት ቤት ጉራጌ በዚያን ጊዜ በቂጫ ሥርዓቱና በየጆካ ሸንጎው የሚተዳደር፣ ዋቅንና ቦዠን የሚያከብር፣ ከኦርቶዶክስና ከእስልምና ጋርም ለዘመናት የኖረ ሕዝብ ነበር። የካቶሊክ ሚሲዮናውያንም በእምድብር በኩል ሥር የሰደደ ሥራ ሠርተዋል። እንዲህ ባለ ምድር ማለፍ ቀላል ነው፤ መቀመጥ ግን ከባድ ነው። የጉራጌ ቤት በጀፎረው ፊት ለፊት ይሠራል። በዚያ ሰፊ የሣር መንገድ ከብት ያልፋል፣ ሰርግ ያልፋል፣ ለቅሶ ይቆማል። በጀፎረ ዳር የሚኖር ቤተ ሰብ ሚስቱን እንዴት እንደሚያናግር፣ ልጁን እንዴት እንደሚቀጣ፣ በጎረቤት ሐዘን ምን ያህል እንደሚቆይ ሁሉ ይታያል። ስብከቱ የሚመዘነው ከዚያ በኋላ ነው።

ደግሞም ጉራጌ ራሱ ከአገር መውጣትን የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ከመርካቶ ሱቆች ጀምሮ በየከተማው ያለው የጉራጌ ነጋዴ በሌላ ቋንቋ ሲሠራ ከርሞ ለመስቀል ወደ መንደሩ ይመለሳል። ናፍቆት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሕዝብ እንግዳን እንዴት መቀበል እንዳለበትም ያውቃል። ወደ ጉንችሬ የሚመጣ ወንጌላዊ ይህን ሀብት ሊያየው ይገባል፤ ከጉንችሬ የሚላክ ወንጌላዊም ይዞት ሊወጣ ይገባል።

ዜግነትና ዋጋው

ላምቢ ለመቀመጥ የወሰዱት ትልቁ እርምጃ በ1934 የተደረገ ነው። በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሆን ሆስፒታል ሲቋቋም የመሬት ይዞታ ጥያቄ ተነሣ፤ የውጭ አገር ሰው በስሙ መሬት ሊይዝ አይችልም ነበር። ላምቢ የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ያ ግቢ ኋላ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራው፣ ከ1965 ጀምሮም የአለርት ማዕከል የሆነው ስፍራ ነው። በ1935 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሲመሠረት ደግሞ ዋና ጸሐፊው እርሳቸው ሆኑ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የፋሺስት ጦር ቀይ መስቀል ባለባቸው ድንኳኖች ላይ ቦምብ ጣለ፤ በሕዝቡም ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበ። ላምቢ በኃላፊነታቸው ይህን ለዓለም ከተናገሩት አንዱ ነበሩ። በግንቦት 1936 አዲስ አበባ ስትያዝና ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ ግን ሚሲዮኑ በማን ፈቃድ እንደሚቆይ ጥያቄ ሆነ። በዚያው ወር ሚቸልና ዴቨርስ የተባሉ ሁለት የሚሲዮኑ ባልደረቦች በመንገድ ላይ ተገድለው ነበር። ላምቢ ለአዲሶቹ ገዢዎች አደሩ፤ ስለ መርዝ ጋዙ የተናገሩትንም የሚያስተባብል ጽሑፍ ፈረሙ።

ይህን ታሪክ በጉባኤ የምንናገር ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ዝም እንላለን። ዝም ልንል አይገባም፤ ልንፈርድም አንቸኩል። ላምቢ በዚያ ሰዓት የሚጠብቃቸው ኤምባሲ ያለው ፈረንጅ አልነበሩም፤ በገዛ ምርጫቸው የተወረረች አገር ዜጋ ነበሩ። የሕሙማኑ፣ የባልደረቦቻቸውና የብዙ ዓመት ሥራው ዕጣ በእጃቸው ያለ መስሎ ታይቷቸው ይሆናል። ነገር ግን ጋዙ የወረደባቸው ሰዎች ያስተባበሉትን ቃል ሊያስተባብሉ አይችሉም ነበር፤ ቁስሉ በገላቸው ላይ ነበር። በቂጫ ሽማግሌዎች ፊት የሚቆም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው እውነቱን ነው፤ እውነት ሳይወጣ የሚደረግ ዕርቅ አይጸናም። ጎረቤት መሆን ማለት ጎረቤት የደረሰበትን ነገር መመስከር ነው። ወረቀቱ ዜጋ ያደረጋቸው ሰው፣ በዚያች ሰዓት ከዜጎቻቸው ጎን ለመቆም አልበረቱም።

መስዋዕት የተደረገው እውነት ሚሲዮኑንም አላዳነም። ጣቢያዎቹ ተዘጉ፤ እስከ 1938 ድረስ ሚሲዮናውያኑ ከአገር ወጡ። ላምቢ የንጉሠ ነገሥቱን አመኔታ አጡ። የሕይወት ታሪካቸውን በ1939 ሲያሳትሙ አገር የሌለው ሐኪም የሚል ርእስ ሰጡት። የአሜሪካ ዜግነታቸውን ኋላ መልሰው አገኙ፤ በኢትዮጵያ ግን ዳግመኛ አልተቀመጡም። ቻርሎት በ1946 በፍልስጤም ምድር አረፉ። ላምቢም በዚያው ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሲያገለግሉ ቆይተው በ1954 በኢየሩሳሌም ሞቱ። አብርሃም በተስፋ ምድር በድንኳን እንደ ኖረ በዕብራውያን 11 የተጻፈው ለብዙዎቻችን የስብከት ርእስ ነው፤ ለዚህ ቤተ ሰብ ግን የዕለት ኑሮ ነበር።

የተቀበረው አምቾ

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ የሽንፈት ታሪክ በሆነ ነበር። በሚያዝያ 1937 የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞችን ነው። የታሰሩ፣ የተገረፉ፣ የጸሎት ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ወንጌሉን ከቤት ወደ ቤት አዳርሰውታል። አምቾው ተቀብሮ፣ ተካዩ በሌለበት ችግኞቹ ወጡ።

ከሁሉም የሚደንቀው ችግኞቹ ራሳቸው መነቀላቸው ነው። የወላይታ ወንጌላውያን ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጎፋ፣ ወደ ኣሪና ወደ ሌሎችም አካባቢዎች ሄዱ። የማያውቁትን ቋንቋ ተማሩ፤ በቆላው ወባ ልጆቻቸውን የቀበሩ አሉ። የፈረንጆቹ ልጆች ከ1946 ጀምሮ በአዲስ አበባ የቢንጋም ትምህርት ቤት ሲያድሩ፣ የእነዚህ ወንጌላውያን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በጎጆ አደሩ። ሁለቱም ዋጋ ከፍለዋል፦ አንዱ በመለየት፣ ሌላው በችግር። የልጆቹን ዋጋ ግን ላኪዋ ቤተ ክርስቲያን በመዝገቧ የጻፈችው እምብዛም ነው።

ለእኛ ዘመን

ከዚህ ታሪክ ለመጋቢዎችና ለሥነ መለኮት ተማሪዎች ሦስት ነገር እናንሣ።

አንደኛ፣ የምንልከው አንድን ሰው ሳይሆን ቤተ ሰብን መሆኑን እንቀበል። የስንብት ጸሎት ሲደረግ ሚስቲቱም ልጆቹም በስማቸው ይጠሩ። ደመወዙ ሲታሰብ የልጆቹ ትምህርትና የሕክምናቸው ወጪ ይታሰብ። ቻርሎት ከናስር ወደ ሳዮ፣ ከሳዮ ወደ አዲስ አበባ፣ ከኢትዮጵያም ወደ ስደት በየጊዜው ቤት ያፈረሱና የሠሩ ሴት ናቸው፤ ታሪካቸው ግን በባላቸው ታሪክ ውስጥ በግርጌ ቀርቷል። የእኛንም ወንጌላውያን ሚስቶች በግርጌ አንጻፋቸው።

ሁለተኛ፣ መቀመጥ በወረቀት አይፈጸምም። መሬት መግዛት፣ ጸሎት ቤት መሥራት፣ ፈቃድ ማግኘት ሁሉ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሥራውን ለማዳን ሲባል በሕዝቡ ላይ የደረሰውን ግፍ መካድ ሲመጣ፣ ሥራው ራሱ ከሥሩ እየተነቀለ ነው። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ የሮም ዜግነቱን የጠቀሰው እውነቱን ለመሸሸግ ሳይሆን ለመግለጥ ነበር። ዜግነታችን በሰማይ ነው ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈውም ይኸው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ተቀባይ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ አላት። ሳዮ የተከፈተው በጥሪ ነው። ዛሬ ወደ ጉንችሬ አንድ ወንጌላዊ ከሌላ ብሔር ከነቤተ ሰቡ ሲመጣ፣ «ቤተ ክርስቲያን ልካዋለች» ብለን ብቻ ከመተው ቆጮ የሚያቀርብለት፣ እኖርኛውን የሚያስተምረው፣ ለቅሶ ይዞት የሚሄድ፣ ልጆቹን ከልጆቹ ጋር የሚያጫውት ጎረቤት ያስፈልገዋል። ተነቅሎ የሚተከል እንሰት ጉድጓዱ አስቀድሞ ካልተቆፈረለትና ፍጉ ካልተደረገለት ይደርቃል። ያን ጉድጓድ የመቆፈር ሥራ በጀፎረው ዳር የምንኖር የእኛ ነው።